አምባሰል ላይ የተረፈው ዘር

አምባሰልን በቅኝቱ እንጂ በእግሩ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። መርካቶ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ሬዲዮው በአምባሰል ሲያንጎራጉር አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ አገሩ ወዴት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ያውም የአምባሰል ልጅ አግብቼ። ከስልጤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ለኔ አገር ማለት ጓሮው በእንሰት የተከበበ ቤት ነው፤ ሌላው ሁሉ መንገድ ነው።

ባለቤቴ ሐዋ መለመን አይሆንላትም። በዚያ በድርቁ ዓመት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከአገሯ የመጣ አንድ ጨው ነጋዴ «እናትሽን አየኋቸው፤ በነፍስ አሉ፤ ግን አይቆዩም» ብሎ ነገራት። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድላት አለ። እናቷ ብቻቸውን ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ከሐዋ ሌላ ልጅ የላቸውም። አንድ ቀን ሱቅ ልከፍት ስወጣ በሩ ላይ ያዘችኝና «ሸምሱ፣ እናቴን በሕይወት አምጣልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ማክሰኞ ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። የቀበሌ ይለፍ በደረት ኪሴ፣ አንድ ጆንያ የጤፍ ዱቄት፣ ስኳር፣ ደግሞ እናቴ ከአገር የላከችልኝን ቡላ ይዣለሁ። ቦታ ተሸጦ አልቆ ስለነበር ሹፌሩ ሞተሩ ላይ አስቀመጠኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰዉ ሁሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እኔ ከታች እየተጠበስኩ ነበር፤ ስንወርድ ሱሪዬ ከሞተሩ ክዳን ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ረዳቱ እየሳቀ «ጋሼ፣ ከላይ ደብረ ብርሃን፣ ከታች አሰብ» አለኝ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፤ ሴቶቹ በመስኮቱ እየተሻሙ ይሸጣሉ። እስከዚያ ድረስ ጉዞው ጉዞ ይመስል ነበር።

ወሎ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ሁላችንንም አስወርደው ዕቃውን ከላይ አስጣሉት። ጠመንጃ ያነገተ አንድ ወጣት ጆንያዬን በእግሩ ነካ አደረገና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የጤፍ ዱቄት። ለአማቴ ነው።»

«እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ማዘዋወር ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

«ወንድሜ፣ የምሄደው እኮ እህል ወደሌለበት አገር ነው።»

«ለዚያ መንግሥት አለ» አለኝና ጆንያውን እየጎተተ ወሰደው። ቀጥሎ ቡላውን ፈታ። «ይሄስ ነጩ?»

«የእንሰት ነው። እኛ አገር ግንዱ ተፍቆ የሚወጣ ነው።»

«እህል ነው፣ አይደለም?»

«እህል እንኳ አይደለም።»

ከጓደኛው ጋር ተያዩ። ጓደኛው በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተውና ፊቱን አጨማደደ። «እንጨቱን ተውለት» አለ። እንግዲህ የእናቴን ቡላ ያዳነው ንቀታቸው ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ዞሬ አየሁ፤ ጆንያዬ ከሌሎች ጆንያዎች ጋር ግድግዳው ሥር ተደርድሯል።  ደሴ ያደርኩበት አልጋ ትኋን ነበረው፤ በኛ አገር ትኋን እንግዳ መሆንህን አይቶ ይራራልሃል፣ የደሴው ግን አይምርም።

ረቡዕ ከደሴ ወደ ሐይቅ ያለው መንገድ አጭር ነው ቢሉኝም ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። የወታደር መኪና እስኪያልፍ ቁሙ እየተባልን፣ ስንቆም መንገዱ ዳር የተቀመጠውን ሰው እያየን። በኛ አገር ሰው መንገድ ዳር የሚቀመጠው ከገበያ ሲመለስ ሊያርፍ ነው፤ ሸክሙን አውርዶ ያወራል፣ ይሳሳቃል። እዚህ ሸክም የለም፣ ወሬም የለም። አንዲት ሴት ከአውቶቡሱ ጎን መጥታ እጇን ሳትዘረጋ ዝም ብላ ቆመች። የተረፈኝን የደብረ ሲና ቆሎ በመስኮት ሰጠኋት። አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች ለጎኗ ሰዎች አከፋፈለች፤ ለራሷ መቼ እንደደረሰ አላየሁም፣ አውቶቡሱ ሄደ።

ሐይቅ ከተማ ስንገባ ውኃው ከታች ተዘርግቶ አየሁት። ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። ያን ሰው ሁሉ አይቼ የመጣሁት እኮ ያን ውኃ ለማየት አይደለም። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ምሽት ላይ የተጠበሰ ዓሣና ቂጣ አቀረቡልኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ «አያ ይማም፣ ይህን ያህል ውኃ አጠገብ ተቀምጦ ሰው እንዴት ይራባል? ሰዉ ዓሣ አይበላም እንዴ?»

«ዓሣ በመረብ እንጂ በምኞት አይያዝ፣ ልጄ። መረብ ያላቸው በማኅበር የተደራጁት ናቸው፤ የያዙት ደግሞ ወደ ደሴ ይጫናል። ገበሬው የሚያውቀው ማሽላውን ነው። እሱን ዘንድሮ ከየት ያምጣው?»

እኔ ደግሞ ዓሣ አልለመድኩም፤ አገራችን ወንዝ እንጂ ሐይቅ የለ። በሁለተኛው ጉርሻ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። አሳለኝ፣ ዕንባዬ ወረደ፣ ቤቱ ተተራመሰ። የአያ ይማም ባለቤት ሮጠው መጥተው ትልቅ የቂጣ ቁራሽ አፌ ላይ ደቅነው «ሳታኝክ ዋጠው» አሉኝ። ዋጥኩ። አልወረደም። ሌላ ደገሙ፣ ሌላም። በስንት መከራ ወረደልኝ። ቀና ስል የመሶቡን ቂጥ አየሁት፤ ባዶ ነበር። ለጠዋት ያስቀመጡትን ሁሉ እኔ ለአንድ አጥንት ጨርሼዋለሁ።

«ቁርሳችሁን በላሁት» አልኩ አፍሬ።

«አብሽር» አሉኝ አያ ይማም እየሳቁ፣ «እንግዳ ቤታችን ታንቆ ሞተ ከመባል ይሻላል።» ጠዋት ሒሳብ ልክፈል ብል ተቆጡኝ። በርህራሄያቸው ስንት ጊዜ እንደተሸማቀቅኩ ለሐዋ ስነግራት ነው ያወቅኩት።

ሐሙስ ውጫሌ ገበያ ነበር። ገበያውን አትጠይቁኝ። እህል የሚሸጥበት ቦታ ባዶውን ተቀምጧል፤ ሰዉ ከዚያ ርቆ የቤቱን ማገር ዘርግቶ ይሸጣል። በር ይሸጣል፣ ሞፈር ይሸጣል። ገዢው ለማገዶ ነው የሚፈልገው። በኛ አገር ሰው ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ያስመርቃል፤ እዚህ ቤቱን እየነቀለ በትከሻው ያወርደዋል። የአማቴን መንደር እየጠራሁ መንገዱን ስጠይቅ አንዲት ቀጭን ሴት «ማን ቤት ነህ?» አለችኝ። ስሟ ብርቄ ነው፤ ባሏ የሞተባት የአማቴ ጎረቤት፣ የሐዋ የልጅነት ጓደኛ ሆና ተገኘች። እንጨቷን የሚገዛት አጥታ ልትመለስ ነበር። እንጨቱን እዚያው ጥላው አብረን ሽቅብ ጀመርን።

መንገዱ ቁልቁለት የማያውቅ ዳገት ነው። እኔ በላብ ስጠመቅ እሷ በየመታጠፊያው ቁጭ ትላለች፤ ትንፋሿን ስትሰበስብ እጠብቃታለሁ። የተዘጉ ቤቶች አለፍን።

«ይሄ የማን ቤት ነው?» አልኳት።

«የአህመድ። ለሰፈራ ተመዝግቦ ከነቤተሰቡ ተጫነ። ወለጋ ነው አሉ።»

«ያኛውስ?»

«እነዚያ አልተመዘገቡም» አለችና ወደ ሌላ ወገን ዞረች።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ።

አማቴን እማ ዘይነብን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለሠርጋችን አዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ነው፤ ሙሉ ሴት ነበሩ። አሁን በሩ ላይ ቆመው ሲቀበሉኝ ልብሱ እሳቸውን ደግፎ የያዘ ይመስል ነበር። ቢሆንም ወጉን አልተዉም። «መርሃባ፣ እንኳን ደህና መጡ። ልጄ ደህና ናት? አልሃምዱሊላህ» አሉኝ፤ በዚያ አቅማቸው ውኃ አቅርበው እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። በግድ ነው ያስተውኳቸው። ከዚያ የተቀቀለ ሳማ በጨው አቀረቡልኝ። «ይብሉ፣ ልጄ፤ ዘንድሮ ወጣችን ይሄ ነው» አሉ። በላሁ። ሳማ እኛ አገር አጥር ዳር በቅሎ ልጅ የሚለበልብ ነገር ነው።

ቀና ስል ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ነገር ታስሮ ተንጠልጥሏል። አተኩሬ አየሁት። ማሽላ ነው፤ ከነራሱ፣ ጥቅጥቅ ያለ።

«እማ፣ ይሄ እህል አይደለም እንዴ?»

«ዘር ነው» አሉኝ።

 ያስረዳችኝ ብርቄ ናት። ይህ ማሽላ ወተት በጉንጬ ይባላል፤ በብዛት አይዘራም፣ እያንዳንዱ ሰው ከማሳው ጥግ ትንሽ ያስቀምጣል፣ እሸቱን ጠብሶ ልጅና የምታጠባ እናት ይበሉታል። ገና በማሳ ሳለ ራሱን መርጣ የምትቆርጠው እማ ዘይነብ ናት፤ ነቀዝ እንዳይነካው ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ዝናብ ሲጥል መንደሩ ከእሷ እጅ እፍኝ እፍኝ ይወስዳል። እናቷም፣ የእናቷ እናትም ይህንኑ ሲሠሩ ነው የኖሩት። «ከዚያ ማንም አይበላም» አለችኝ ብርቄ። «አጎቷ ታሞ ሲያጣጥር እንኳ አልነካችውም። ዘር የሚቆላ ሰው ለከርሞ የሚጠብቀው የሌለው ነው።»

እኔ እንደ ነጋዴ አሰብኩ፦ ከራሳቸው በላይ ምግብ ተንጠልጥሎ ሴትዮዋ እየሞቱ ነው። እብደት መሰለኝ።

በቡላው ገንፎ አገነፋሁ። እኛ ዘንድ ወንድ ገንፎ ቢያገነፋ ይሳቅበታል፤ እሳቸውም ሳቁ፤ አንዷ ጥሩ ነገር ያቺ ነበረች። በጥርጣሬ ቀመሱት፣ ቀስ ብለው ጨረሱት። ከዚያ «ይሄ ዛፍ ነው አሉኝ፤ ዘሩስ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኛ ዘሩን አንዘራውም፣ እማ። ከሥሩ ይቆረጥና መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያ ብዙ ቡቃያ ያወጣል።»

«እንግዲያ እናንተ አገር ሰው ዘር ሲቸግረው ማን ቤት ይሄዳል?»

«ማንም ቤት አይሄድም። ሁሉም በጓሮው አለው።»

 «ደግ ነው» አሉ፤ ነገር ግን ያዘኑልን መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ጉዳዬን አወጣሁ። «እማ፣ ልወስድዎት ነው የመጣሁ። ሐዋ እየጠበቀችዎት ነው።»

«ዝናቡ ይጣል፤ ዘሩን ላከፋፍል፤ ከዚያ እናያለን።»

«ዝናቡ ባይጥልስ?»

«እንጠብቃለን።»

«ዘሩን ለብርቄ ይስጧትና እሷ ታከፋፍል።»

«ሰዉ ከኔ እጅ ነው የለመደው። መጥተው ቢያጡኝ ምን ይላሉ?» አሉና መቁጠሪያቸውን አነሱ። እኔ ቤቱን ስዞር ዋልኩ፤ ተናድጃለሁ፣ ለማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። ለኬላው ልጅ? ለሰማዩ? ከዙሁር ሶላት በኋላ ከአምባው በስተጀርባ ጠቆረ። ጣለ። ደህና አድርጎ ጣለ። ብርቄ ከቤቷ ወጥታ ነጠላዋ ላይዋ ላይ እስኪለጠፍ ቆመች። እማ ዘይነብ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን አወጡና ውኃው ሲጠራቀምበት አዩት። እኔም በጣም ደስ አለኝ፤ እነሱን ደስ ያሰኛቸው ዝናቡ፣ እኔን ደግሞ ጉዳዬ ማለቁ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ደጃፉን ጠረጉ። ማሽላውን ከወራጁ አስወረዱኝ፤ ጥቀርሻው ፊቴ ላይ ዘነበብኝ። በእጃቸው እያሹ ሰፌድ ላይ ፈለፈሉት፤ ከዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ወጣ። ንጹሕ ሻሻቸውን አሰሩ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ተቀመጡና ጠበቁ።

መጀመሪያ ብርቄ መጣች፤ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች፣ በእፍኛቸው ሰፈሩላት፣ ዱዓ አደረጉላት፤ እሷም ክርስቲያን ብትሆንም አሜን ብላ ቋጠረች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በዱላ ተደግፈው መጡ፤ በሬያቸው ስለሞተ በዶማ ሊቆፍሩ ነው። ከዚያ አንዲት ሴት። ከዚያ ማንም አልመጣም።

እማ ዘይነብ ጠበቁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። መንገዱን ያያሉ፣ ሰፌዱን ያያሉ፣ በሰፌዱ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ዘሩን ያስተካክላሉ። አንዳንዴ ስም ይጠራሉ። «የሙሄ ልጅ አልመጣም?» ይላሉ፤ ብርቄ «እሱ ተጭኗል፣ እማ» ትላቸዋለች። «ከድጃስ?» «ከድጃ እኮ…» ብላ ብርቄ ትተዋለች፤ እሳቸውም «አዎ፣ ረስቼ» ይላሉ። አልረሱም። መጥራት ስላለባቸው ነው የጠሩት።

የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ሰፌዱ ከመጀመሪያው ብዙም አልጎደለም። ብርቄ በጆሮዬ «በሌላው ዓመት እኮ በዚህ ሰዓት ሰው ደረሰኝ አልደረሰኝም እያለ ይጣላ ነበር፤ ለራሷ እንኳ የሚቀራት የለም» አለችኝ። እማ ዘይነብ ሰፌዱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ተረፈ» አሉ። «ዘር ተርፎኝ አያውቅም።»

ተነስተው ገቡ። ራሳቸው ማሳ ላይ የሚዘሩትን ያስቀራሉ ብዬ ስጠብቅ እሳት ሲያነዱ ሰማሁ። ብረት ምጣዱን ጣዱና ማሽላውን ሁሉ ገለበጡበት። መንጣጣት ጀመረ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ብርቄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ከዚያ ሳትሰናበት ወጥታ ሄደች። እኔ ለመዝራት የቸኮለች መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በስተመጨረሻ ልብ ገዙ፣ በስተመጨረሻ በሉ ብዬ። እሳቸው ጥቂት ፍሬ አፋቸው ውስጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ አኘኩ። ለኔም ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አልቀመስኩም፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም፣ ጉንጭ ላይ እንደ ወተት ይሟሟል። የቀረውን በጨርቅ ቋጠሩት።

«ይህን ለሐዋ ይስጡልኝ። ታውቀዋለች።»

«አብረን እንወስድላት የለ? ነገ እንሂድ።»

«እርስዎ ይቅደሙ። ዘር የሰጠ ሰው ብቅ ሲል ማየት አለበት፤ ወጉ ነው። ለእሸት እመጣለሁ፣ ኢንሻ አላህ።»

ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። እንደ ሕፃን ተሸክሜያቸው ብወርድ ኖሮ ይቻለኝ ነበር፤ ምን ያህል ይከብዳሉ ብላችሁ ነው። ግን አማትን በግድ ተሸክሞ የሚወርድ ማን አለ? ደግሞ አመንኳቸው። ዝናብ ጥሏል፣ ዘር ተሰጥቷል፣ ሴትዮዋ በልተዋል። የቀረውን ቡላና ስኳሩን ሁሉ ትቼላቸው እሑድ ወረድኩ። እስከ አውድማው ጫፍ ሸኙኝ። «ልጄን አደራ» አሉኝ።

በመመለሻው የምጽፈው ብዙ የለም። ሐይቅ ላይ አያ ይማም «አማትህስ?» አሉኝ፤ «ለእሸት ይመጣሉ» አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ቂጣ ጠቅልለው ለመንገድ ሰጡኝ። ኬላው ላይ የተቆላውን ማሽላ ፈትተው አዩት፤ ቆሎ ነው፣ እለፍ አሉኝ። ደብረ ሲና ላይ ከሚሸጠው ቆሎ ጋር አወዳደርኩት፤ የእማ ዘይነብ ይበልጣል።

ቤቴ ስደርስ ሐዋ ከኋላዬ በሩን ታያለች። «ደህና ናቸው፤ ለእሸት ይመጣሉ» አልኳትና ቋጠሮውን ሰጠኋት። ሳትፈታው አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ነው የቆላው?»

«እሳቸው ራሳቸው። ተከፋፍሎ የተረፈ ነው።»

«ተረፈ?» አለች። ቋጠሮውን ፈታችው፤ ፍሬውን በመዳፏ ላይ አገላበጠችው፤ አንድ ጥሬ ፍሬ እንኳ አልተገኘበትም። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ማን ሞተ እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ ማንም አልሞተም፣ ቆመው ነው የሸኙኝ፣ በዓይኔ አይቻቸው ነው የመጣሁት እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። «አንተ አታውቅም፣ ሸምሱ» አለችኝ ሐዋ። «እናቴ ዘሯን ቆልታ ላከችልኝ እኮ። ዘሯን የቆላች ሴት ምን እሸት ትጠብቃለች?» ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሰዉም ግራ እየገባው አብሯት ተቀመጠ።

ተመልሼ ልሂድ ብዬ ቀበሌ ብመላለስ ሁለተኛ ይለፍ አልሰጥ አሉኝ። መርዶ የያዘው ሰው የመጣው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። ነገሩን እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆት በሩ ላይ ቆመ፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል። ሐዋ አየችውና ተነሳች። «ግባ ወንድሜ፣ እኛ አልቅሰን ጨርሰናል» አለችው፤ አስቀመጠችውና ምሳ አቀረበችለት።